ስጠራት ትመጣለች

«ሐምሌ ላይ ስኪ?» አለች ጓደኛዬ በስልክ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ ግን?» ብላ ጨመረች። ደህና ነበርኩ። ስኪ እግር ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው፤ ጣውላውም ስኪ ይባላል። ውሻዬን ብርቄን ይዤ ነበር የምሄደው። ዝናብ እንደሚኖርም አውቅ ነበር።

ሐምሌ ሲባል የአማርኛ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው ዝናብ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ በረዶ በሚወርድባቸው ተራሮች ግን ሐምሌ ዋናው የሙቀት ወር ነው። ሰዉ ስኪውን ጠርጎ፣ ከሥሩ ሰም ቀብቶ ካስቀመጠው ቆይቷል። ያን ሳምንት ግን ሐምሌ እኛ የምናውቀውን ሐምሌ መሰለ። ሰማዩ አራት ቀን ሙሉ አልተከፈተም።

የበጋ ስኪ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ትልልቆቹን ግግር በረዶዎች ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሂንተርቱክስ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜርማት፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማውንት ሁድ ላይ ያለው የፓልመር የበረዶ ሜዳ። እዚያ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት አለ፣ የተስተካከለ መንገድ አለ፣ ሰው አለ። እኔ የምወደው ሌላውን ነው። በብርዱ ወራት ነፋስ ያከማቸው፣ ናዳም ያወረደው በረዶ ፀሐይ በማትገባበት ሸንተረር ውስጥ ተጨምቆ ይቀራል። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሐምሌ ድረስ የቆየው ግን 500 እና 600 ኪሎ ይደርሳል። ዱቄትነቱ ቀርቶ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ስትረግጠው እንደ ጨው ይንኮሻኮሻል።

እኔና ብርቄ የምንሄድበት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሁለት ቋጥኞች መሀል እንደ ምላስ ወደ ታች የወረደ ነጭ ነገር። ርዝመቱ 300 ሜትር ቢሆን ነው። ለሱ ሲባል ሦስት ሰዓት ስኪ ተሸክሞ መውጣት አለ። እኔ ይህን ሦስት ሰዓት እወደዋለሁ። ብርቄም ትወደዋለች።

ብርቄ ሰባት ዓመቷ ነው። ጥቁር ናት፤ ደረቷና የፊት እግሮቿ ጫፍ ነጭ ነው። ሃያ ሁለት ኪሎ ትመዝናለች። ስኪውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሳወጣ ከሰማች ሄዳ በሩ ላይ ትጋደማለች። እሷን ሳይረግጥ ማንም አይወጣም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀመርን። ካፊያ ነበር። ጫካውን ስናልፍ ጀርባዬ ላይ ያለው ስኪ ቅርንጫፍ በነካ ቁጥር ዛፉ የያዘውን ውሃ ሁሉ አንገቴ ላይ ያራግፍልኛል። ብርቄ ፊት ፊት ትሄዳለች። በየሃያ እርምጃው ዞር ብላ ታየኛለች። አንዳንዴ ትቆምና ከአፍንጫዋ ጀምራ እስከ ጭራዋ ድረስ ትንቀጠቀጣለች፤ ውሃው እንደ ጃንጥላ ዙሪያዋን ይረጫል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ውሻ በዚህ መንገድ ፀጉሩ ላይ ያለውን ውሃ 70 በመቶ ያህል በሰከንዶች ውስጥ ያራግፋል። የኔ ጃኬት ይህን አይችልም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ከውጭ ይግባ ወይ ከውስጥ ላቡ ይሁን መለየት አቅቶኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዝናብና ስለ በረዶ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

ሰው ዝናብ በረዶን ያቀልጣል ብሎ ያስባል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው የሚለው። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ደግሞ 4.2 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ 10 ዲግሪ የሚሞቅ 10 ሊትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር በረዶ ላይ ቢፈስ፣ የሚያቀልጠው ከ1 ሊትር ብዙም አይበልጥም። በረዶን የሚበላው ይልቅ ጭጋግ ነው። ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በረዶው ላይ ሲያርፍ፣ የያዘው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጥና ሙቀቱን ይለቃል። 1 ግራም እንፋሎት 7 ግራም በረዶ የማቅለጥ አቅም አለው። ጭጋግ ያደረበት በረዶ በማግስቱ ጎድሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ዝናቡስ የት ይሄዳል? በረዶውን ሰርጎ ያልፍና ከሥር ያለውን ጅረት ይሞላዋል። ሸንተረር ውስጥ የተኛ በረዶ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሥሩ ውሃ አለው። ውሃው ሲሞላ ከታች እየቦረቦረ ይሄዳል። ከላይ ስታየው ሜዳ ነው። እንደ እውነቱ ግን ጣሪያ ነው።

ሌላም አለ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት በረዶ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ፊቱ ይጠነክራል። ጠዋት ስትሄድበት ድንጋይ ነው። ደመና ሲሸፍነው ግን ሙቀቱ አይወጣም። ሳይጠነክር ያድርና ጠዋትም እንደ ላላ ይጠብቅሃል። አራት ደመናማ ሌሊት ማለት አራት ሌሊት ያልጠነከረ በረዶ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳልሰማ፣ ሳላነብ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን በረዶው ግርጌ ደረስን። ብርቄ አበደች። ሌላ ቃል የለውም። ተንከባለለች፣ በአፍንጫዋ አረሰችው፣ ሮጣ ሄዳ ሮጣ ተመለሰች። እሷ በረዶ ስታይ የሰባት ዓመቷ ውሻ ትጠፋና ቡችላዋ ትመጣለች። የውሻ መዳፍ ቅዝቃዜን የሚችለው በደም ስሮቹ አቀማመጥ ነው። ወደ መዳፉ የሚወርደው ሙቅ ደም፣ ቀዝቅዞ በሚመለሰው ደም አጠገብ ያልፋል፤ መንገድ ላይ ሙቀት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ መዳፉ ቢቀዘቅዝም ብርዱ ወደ ሰውነቱ አይዘልቅም። እኔ ጓንት ውስጥ ሆኜ ጣቴ ሲደነዝዝ እሷ ባዶ እግሯን ትፈነጫለች።

በረዶው ላይ ቀይ ቀይ ነገር በየቦታው ተበትኗል። ላላየው ሰው ያስደነግጣል። የታረደ ነገር ያለ ይመስላል። በዓይን የማይታይ ትንሽ አልጌ ነው፤ ከፀሐይ ራሱን የሚከላከልበት ቀለም ነው ቀይ የሚያደርገው። በረዶውን ስለሚያጠቁረው ፀሐይ ይበልጥ ይስባል፣ መቅለጡንም ያፈጥናል። ሽታው ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል። ብርቄ መላስ ጀምራ ነበር፤ ሆድ ሊያውክ ስለሚችል ከለከልኳት።

ከበረዶው ጠርዝ ላይ አዲስ የተገለጡ ድንጋዮች ነበሩ። ምናልባት ለብዙ ዓመት ብርሃን አላዩም። እንዲህ ያለ ቦታ ስደርስ ዲገርቫርደን ትዝ ይለኛል። ኖርዌይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እየቀለጠ ካለ በረዶ ውስጥ አንድ ጥንታዊ ስኪ ተገኘ። በ2021 ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ አምስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ጥንዱ ወጣ። 1,300 ዓመት ገደማ በረዶው ውስጥ ተኝተው ነበር፤ እግር የሚታሰርበት ሳይቀር አልጠፋም። የስኪው ባለቤት ምን እንደገጠመው ባሰብኩ ቁጥር፣ ከጎኑ ውሻ ይኖር ይሆን እላለሁ።

ቦቴን ቀየርኩና ደረጃ እየረገጥኩ ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ቆሟል። ስኪዬን አሰርኩ።

ከውሻ ጋር ስኪ መሄድ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ አለው። የስኪ ጠርዝ ብረት ነው፤ ይቆርጣል። ከአጠገብህ የሚሮጥ ውሻ እግሩ ስኪው ሥር ከገባ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ይህ ያልተለመደ አደጋ አይደለም። ስለዚህ እኛ ደንብ አለን። እሷ ትቀመጣለች። እኔ ስምንት ወይ አሥር ጊዜ እየተጠማዘዝኩ እወርድና እቆማለሁ። ከቆምኩ በኋላ እጠራታለሁ። ትመጣለች። እንደገና ትቀመጣለች። ይህን ለማስተማር አንድ ሙሉ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሽኮኮ ብታይ፣ ወፍ ብታይ፣ ስሟን ከጠራሁ ትታው ትመጣለች። በዚህ እኮራ ነበር። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ደስ የሚል ነበር። እርጥብ በረዶ ስኪውን ይዞ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፤ ግን ድምፁ ልዩ ነው። ሻ... ሻ... ሻ... እንደ ወንፊት። ብርቄ ከኋላዬ ጆሮዎቿን አስተኝታ ስትወርድ ሳይ ልቤ ሞላ።

ሁለተኛው ላይ ጭጋግ ገባ።

ጭጋግ ተራራ ላይ ቀስ ብሎ አይመጣም። አንዴ ታችህን ታየዋለህ፣ ቀጥሎ ውስጡ ነህ። ከግራው ጠርዝ እንዳልርቅ ለራሴ ነግሬ ነበር፤ ጅረቱ መሀል ላይ ነው። ነጭ ላይ ነጭ ሲሆን ግን ግራና ቀኝ ይጠፋል። ከአሰብኩት በላይ ወደ መሀል ገብቻለሁ። በኋላ ነው ያወቅኩት። እኔ ስኪ ላይ ስለሆንኩ ክብደቴ ተዘርግቶ አለፈ። ቆምኩ። ዞር አልኩ። ብርቄ ከላዬ አሥራ አምስት ሜትር ላይ እንደ ጥላ ትታየኛለች።

«ብርቄ! ነይ!»

መጣች፣ መጣች፣ ከዚያ ቆመች። አንድ የፊት እግሯን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ በረዶውን አሸተተች። ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ተመለሰች። ቀና ብላ አየችኝ። ጭራዋ ወርዷል። በጉሮሮዋ ቀጭን ድምፅ አሰማች።

ደክሟታል አልኩ። ወይ ጭጋጉ አስፈርቷታል። በርዶኝ ነበር፤ መውረድ ፈልጌ ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ብርቄ! ነይ ብያለሁ!»

መጣች።

አራት እርምጃ ነው የሄደችው። በአራተኛው ላይ የኋላ አካሏ ወደ ታች ጠፋ። ድምፅ እንኳ የለውም። በረዶው ዝም ብሎ ተከፈተ። በፊት እግሮቿና በአገጯ ጠርዙን ያዘች። ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው። አልጮኸችም። በዚያ ቀዳዳ በኩል ግን የውሃው ድምፅ ወጣ። እስከዚያች ደቂቃ እኔ ጨርሶ ያልሰማሁት፣ ትልቅ፣ የሚያጓራ ውሃ።

ክው አልኩ። ስኪውን ፈትቼ ጎን ለጎን አጋደምኩትና በደረቴ ተኛሁበት። እየተሳብኩ ወጣሁ። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላስታውስም። የማስታውሰው የጥፍሮቿን ድምፅ ነው። በረዶውን ስትቧጥጥ ይንሸራተታሉ፣ እንደገና ትቧጥጣለች፣ ይንሸራተታሉ። ደረቷ ላይ የምታስረው ማሰሪያ ጀርባው ላይ እጀታ አለው። ጣቶቼ እጀታው ውስጥ ሲገቡ ብርቄ መቧጠጧን አቆመች። ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ። ጎተትኩ።

ወጥታ ከጎኔ ተኛች። ሁለታችንም ተንፏቀቅን ወደ ግራ፣ ድንጋዩ ጋ እስክንደርስ። ቀዳዳውን ዞሬ ሳየው የጣሪያው ውፍረት ሁለት ስንዝር አይሞላም። ሥሩ ጨለማ ነው።

እግሯን አገላበጥኩ። የቀኝ የፊት እግሯ አንድ ጥፍር ከሥሩ ተገንጥሏል። ደም ነበረው። ወደ ኋላ ስመለከት ያለፍንበት መንገድ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ፤ የትኛው ደሟ፣ የትኛው አልጌው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ትርፍ ካልሲ ነበረኝ። በፕላስተር አሰርኩላት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሦስት ጊዜ ነው የሞከርኩት። እሷ እግሯን ሰጥታኝ ጸጥ ብላ ጠበቀች።

ድንጋዩ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ጃኬቴን ለሁለት ለበስነው።

የተቀመጥንበት ጊዜ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። መውደቋን አይደለም። ውሻም ሰውም ይወድቃል። የማስበው መቆሟን ነው። ቆማ ነበር። ከእግሯ በታች ያለውን ነገር አግኝታዋለች። ብርቄ «እምቢ» የምትልበት አፍ የላትም። ያላት አንድ ቃል ነው፣ እሱም መቆም ነው። ያንን ቃል አለችው። እኔ ደግሞ በስሟ ጠርቼ አስዋጥኳት።

አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳት ይህን ኖሯል። ሁሉን ትተሽ ነይ። ሽኮኮውን ትተሽ፣ ወፉን ትተሽ። ፍርሃትሽንም ትተሽ ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩም ነበር። ይህ ትምህርት ከመኪና መንገድ ላይ አድኗታል፤ አልክደውም። ውሻ ስሙ ሲጠራ መምጣት አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግን ድምፄ ከፍርሃቷ የበለጠ ጉልበት እንዳለው እያወቅኩ፣ ምን እንዳስቆማት ሳልጠይቅ ተጠቀምኩበት። ስለበረደኝ።

ተራራና ውሻ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ባሪ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ጣሊያንና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ፣ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ፣ የመነኮሳቱ ማረፊያ ቤት ውሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1800 ተወለደ፤ ከ40 በላይ ሰው አድኗል ይባላል። ሊያድነው የሄደው ሰው በጩቤ ወግቶ ገደለው የሚል ታሪክም አለ። እውነት አይደለም። በ1812 ወደ በርን ከተማ ተወስዶ ጡረታ ወጣ፤ እዚያው አርጅቶ በ1814 ሞተ። አካሉ ዛሬም በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያል።

የሚያጽናናኝ ይህ መጨረሻው ነው። አንድ ሰው አይቶ፣ ይህ ውሻ ከዚህ በኋላ በረዶ ላይ አይወጣም፣ ይበቃዋል ብሏል ማለት ነው። ባሪ ራሱ እንደማይለው ግልጽ ነው። ቢልኩት ይሄድ ነበር። ብርቄም በዚያች እግሯ ወደ ላይ እንመለስ ብላት ትመለስ ነበር። ካልሲዋን እያየሁ ይህን አውቄ ነበር፤ ሆዴ ባባ።

ስኪውን መልሼ ጀርባዬ ላይ አሰርኩና በድንጋዩ በኩል በእግር ወረድን። ቀስ ብለን። በረዶው ከጎናችን ነጭ ሆኖ፣ ሜዳ መስሎ አብሮን ወረደ።

ከታች፣ ጫካው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጅረት አለ። ጠዋት በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረነው ነበር። አሁን ድንጋዮቹ ተውጠዋል። ውሃው ቡናማ ነው። በመሀሉ አንድ ብቻ ጫፉ ይታያል። አንድ ረጅም እርምጃ፣ አንድ ዝላይ፣ አለቀ። እኔ እችለዋለሁ። ብርቄ ዳር ላይ ደረሰችና ቆመች።

አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።

ቆምኩ። ዝናቡ ኮፍያዬን ይደበድባል። እሷ ውሃውን አየች። እኔን አየች። ጠበቀችኝ፣ ልጠራት እንደሆነ። ዝም አልኩ። ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዞረችና በዳሩ ወደ ላይ መሄድ ጀመረች፣ እያነከሰች። ተከተልኳት። ሁለት መቶ እርምጃ ገደማ ሄድን። ጅረቱ ሜዳማ ቦታ ላይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይሰፋል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። የታሰረ እግሯን አነሳችና ቆመች።

ስኪውንና ቦርሳውን አሻግሬ ተመለስኩ። ተሸከምኳት። ሃያ ሁለት ኪሎ ነበረች፤ እርጥብ ሆና ግን ሠላሳ ትሆናለች። አፍንጫዋን ብብቴ ውስጥ ቀበረችው። ማዶ ሳወርዳት ተንቀጠቀጠችና የቀረውን ውሃ ሁሉ ፊቴ ላይ ረጨችው።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት ሆነው። አሁን አዲስ ነገር እየተለማመድን ነው። ተማሪው እኔ ነኝ። ስትቆም አልጠራትም። ሄጄ አጠገቧ እቆማለሁ፤ የምታየውን አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። ትናንት ማታ እርጥብ ቅጠል ላይ ቆመች። አሸተተችው፣ ዞረችው፣ ከሌላኛው በኩል አሸተተችው። አምስት ደቂቃ ይሆናል። ካፊያ ጀምሮ ነበር። አጠገቧ ጎንበስ ብዬ እግሯን አየሁት። ጥፍሯ ማደግ ጀምሯል፤ ጫፉ ገና ለስላሳ ነው።